ያጠፋሁት

እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ማታ ከፋብሪካ ስመለስ፣
የፖርቶ ዝናብ ካፖርቴን አልፎ ቆዳዬ ሲደርስ፣
የኩሽናዬ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ክብና ጥቁር፣
ጨለማ ውስጥ ያደፍጣል፣ እርጥብ እጄን ሊነዝር።
አንዳንዴ ይምረኛል፤
አንዳንዴ እስከ ክንዴ ይይዘኛል።

ለባለቤቱ ለሴኞር አዴሊኖ ደወልኩ። ሳቀ።
«አባቴን አርባ ዓመት ነዝሮታል፤ በሳንባ ነው ያለቀ።
ካሻሽ በኪስሽ ቀይሪ፤ ውሉን ግን አንብቢ፣
ስትወጪ እንደነበረ ነው የምታስረክቢ።»

ስድስት ገዛሁ፤ ነጭ፣ ሌጣ፣ ርካሽ።
ባለሱቁ ኢላሪዮ፣ «ቆጣሪውን ቀድመሽ ካልዘጋሽ
ሽቦ ዘመድ አያውቅም» አለኝ። «ዘጋሁ ብለሽም አትተማመኚ፤
ሦስቴ ለመሞከር ሰነፍ አትሁኚ።»

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ቅዳሴ ሲሄድ፣ ይዤ ካቻቢቴ፣
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ እንደ ሌባ፣ በገዛ ቤቴ
(በገዛ ቤቴ አልኩ እንዴ?)
ብሎኑን ታገልኩት። ዝጓል። ዘይት አጠጣሁት፣
እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነቀነቅኩት፣ ነቀልኩት።

ከሥሩ ባዶ ልስን። ዳር ዳሩን ቀለም፤ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ሮዝ፣
ከሮዙ ሥር አረንጓዴ፣ የእጅ ቅባት፣ ወዝ።
ማንም ነቅሎ አልቀባም፤ ሁሉም ዙሪያውን ዞረ፣
የኔ ባልሆነ ግድግዳ ማን ብሎን ሲፈታ ኖረ?
ሁለት ተከራይ ቆጠርኩ። ሦስተኛዋ እኔ፣ ዙልሚራ፤
ቢጫው የኔ ነው፣ አምና፣ ብሩሼ ማብሪያውን እየፈራ።

አምስቱን ቀየርኩ። የመታጠቢያ ቤቱን አጣምሜ ገጠምኩት፤
አየሁት፣ አየሁት፣ ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት።

ስድስተኛው መኝታ ቤት ነው፣ ከጉልበቴ በታች።
ሁሌ እሳደብ ነበር፦ የትኛው ሰካራም ነው እዚህ የተከለው?
ወደ ላይ ላወጣው ብዬ መሰርሰሪያ ልዋስ
ታች ቤት ዶና ኤርሜሊንዳ ዘንድ ወረድኩ።
ተከትላኝ ወጣች፣ በየደረጃው እየቆመች።

«ኢዳሊና ናት» አለች፣ አልጋዬ ላይ ሳትጋበዝ ተቀምጣ።
«ሸሚዝ ሰፊዋ። አራት ዓመት ከአልጋ ሳትወጣ
ኖረች። እጇ እዚህ ድረስ ነበር የሚደርሰው።
ባሏ ኤውሪኮ አንድ ሌሊት ግድግዳውን በማንኪያ ፈልፍሎ
አወረደላት፣ የአዴሊኖ አባት እንዳይሰማ።
እንቅልፍ ሲያጣት ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ በዚያ ጨለማ
ብርሃኑ ጓሮው ግንብ ላይ ሲወድቅ አየዋለሁ፤
እኔም እንቅልፍ የለኝ፣ ‹ነቅታለች› እላለሁ።»

መሰርሰሪያውን ሳልሰካው መለስኩ።
አዲሱን እዚያው፣ ተንበርክኬ ገጠምኩ።

በወሩ መጀመሪያ አዴሊኖ መጣ። አንዱን ተጫነ፣ ሌላውን ተጫነ፤
«ቤቴ ታድሶ የለ? ኪራዩም በአርባ ዩሮ ከፍ ያለ ሆነ።»
«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።
እጁ ማጥፊያው ላይ ነበር።

በብስኩት ቆርቆሮ ያኖርኳቸውን ስድስት አሮጌዎች፣
በእርሳስ «ኩሽና»፣ «ሳሎን»፣ «መተላለፊያ» ያልኳቸውን፣
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ።
«ዛሬውኑ ልመልሳቸው። ከኩሽናው እንጀምር፤
እጅህን ታጠብና ሳታደርቅ ናማ፣ ሴኞር።»

አርባው አሥራ አምስት ሆነ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ አውቃለሁ። እከፍላለሁ።
ማታ ማታ ግን ልተኛ ስል እስከ ወለሉ ጎንበስ እላለሁ፤
አጠፋለሁ። አበራለሁ። አጠፋለሁ።
ጓሮው ዝም ይላል።
ሲነጋ ደረጃው ላይ ዶና ኤርሜሊንዳ ዱላዋን አንስታ፣
«ቆጣሪ ይቆጥርብሻል» ትለኛለች፤ «ሁለቴ ነበር ትናንት ማታ።»